የውጭ ሚዲያ ስለ እኛ የጻፈውን መቁጠር አልሰለቸንም?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ መድረክ ሰዎች። ቀን ካዛንቺስ አካባቢ ቢሮ እሠራለሁ፤ ማታ ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ሁለተኛ ዲግሪ እማራለሁ። አሁን የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ደርሻለሁ። ርዕስ ሳቀርብ አማካሪዬ የተለመደውን መንገድ አሳዩኝ። አንድ ሁለት የውጭ ጣቢያ ምረጥ፤ የጥቂት ወራት ዜና አውርድ፤ ስለ ኢትዮጵያ በጎው ስንት፣ ክፉው ስንት እንደሆነ ቁጠር፤ ሠንጠረዥ ሥራ፤ ጨርስ።

ከእኔ በፊት የተመረቁት ጥራዞች ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተደርድረዋል። ቢቢሲ ስለ እኛ፣ ሲኤንኤን ስለ እኛ፣ አልጀዚራ ስለ ዓባይ። ጣቢያው ይለያያል፣ ዓመተ ምሕረቱ ይለያያል፣ መደምደሚያው ግን ያው ነው፦ ረሃብ፣ ጦርነትና ስደት በዛ። ይህን ለማወቅ ማስተርስ ያስፈልጋል እንዴ? ማንም የታክሲ ረዳት በነፃ ይነግርሃል።

ክርክሬ ይሄ ነው። ስለ ዓለም አቀፍ ሚዲያ የምንሠራው ጥናት ላኪው ደጃፍ ላይ ቆሞ ቀርቷል። ተቀባዩን ዞር ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። አራት ኪሎ ቁርስ ቤት ውስጥ ድምፁ ተዘግቶ የሚታየው አልጀዚራ ለአስተናጋጇ ምን ይላታል? ቃና ላይ በአማርኛ የሚያወሩትን ቱርኮች የምታይ እናት ስለ ቱርክ ቤተሰብ ምን ታስባለች? ስለ ራሷ ቤትስ? ተሳስተሃል የምትሉ ንገሩኝ። ርዕስ ያላችሁም አዋጡ።

(ክሩ ስለረዘመና አዲስ የሚገቡ ሰዎች ከላይ ሳያነቡ ያንኑ ስለሚጠይቁ፣ መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው አሳጥሬ ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። መሃል መሃል ላይ የራሴን ጣል አደርጋለሁ። ክሩን የከፈትኩት እኔ ነኝና ይፈቀድልኝ።)

መልስ 1

እንደ እኔው የማታ ተማሪ ነው። ሙሉ በሙሉ እንደሚስማማ ገልጾ፣ እሱም ተመሳሳይ ነገር እንደተባለ ነገረን። ጥፋቱን ግን አማካሪዎች ላይ አልጣለም። ፈታኞቹ መጀመሪያ የሚገልጡት ሠንጠረዡን ስለሆነ አማካሪው ተማሪውን ከውርደት እያዳነው ነው ባይ ነው። ወደ ጎን ደግሞ መቁጠሪያ ሶፍትዌር ያለው ሰው እንዲያካፍለው ጠየቀ። እዚህ ላይ ሳልስቅ አላለፍኩም።

መልስ 2

መምህር ናቸው፤ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። በትህትና ጀምረው በትህትና ገሠጹኝ። መቁጠር የሚናቅ ሥራ አለመሆኑን ለማስረዳት ጋልቱንግና ሩገ የሚባሉትን ሁለት ተመራማሪዎች አነሡ። እነሱ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጡት ጥናት በአራት የኖርዌይ ጋዜጦች ላይ የኮንጎ፣ የኩባና የቆጵሮስ ቀውሶች እንዴት እንደተዘገቡ ቆጥረዋል። ነገር ግን ቆጥረው አልተቀመጡም። አንድ የሩቅ አገር ክስተት ለምን ዜና ይሆናል፣ ሌላው ለምን ይቀራል ብለው ጠይቀው 12 ምክንያቶች ዘረዘሩ። ባህሉ ለአንባቢው የቀረበ፣ ኃያል አገር ወይም ትልቅ ሰው ያለበት፣ ክፉ የሆነ ነገር ቶሎ ዜና ይሆናል። በመምህሩ አስተያየት የእኛ ጥራዞች ችግር መቁጠራቸው ሳይሆን ለምን የሚለው ጋ ሳይደርሱ መዘጋታቸው ነው።

ስለ ተቀባዩም አስታወሱኝ። ስቱዋርት ሆል እ.ኤ.አ. በ1973 ተመልካቹ መልእክቱን እንደ ላኪው ፍላጎት ብቻ እንደማይፈታው ጽፏል፤ ዴቪድ ሞርሊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 ያንን ይዞ እንግሊዝ ውስጥ ተመልካቾችን ቡድን በቡድን አስቀምጦ ጠይቋል። እንግዲህ መንገዱ ከተጠረገ ቆይቷል፤ እዚህ ብዙ የሄደበት የለም። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

መልስ 3

ቢዝነስ አስተዳደር የተማረ ሰው ይመስላል። ጣጣ ሳላበዛ፣ የየአገሩን ባህል በነጥብ የለካውን የጌርት ሆፍስቴድን ቁጥሮች እንድወስድ መከረኝ። የሥልጣን ርቀት 64፣ ግለኝነት 27፤ ኢትዮጵያዊ ለአለቃ ይታዘዛል፣ በጋራ ይኖራል፣ ስለዚህ የውጭ ሚዲያን በዚያ መነጽር ያያል። ሠንጠረዡም ተገኘ፣ አማካሪዬም ደስ አላቸው፣ እኔም ተመረቅሁ።

መልስ 4

እዚህ ላይ ነገሩ ከረረ። ጸሐፊዋ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም። ያ 64 የኢትዮጵያ ቁጥር አይደለም አለች። ሆፍስቴድ መረጃውን የሰበሰበው እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1973 ባለው ጊዜ የአይቢኤም ኩባንያ ሠራተኞች ከሞሉት መጠይቅ ነው። ኢትዮጵያን፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያንና ዛምቢያን አንድ ላይ ጠቅልሎ ምሥራቅ አፍሪካ ብሎ ነው ቁጥር የሰጣቸው። በጃንሆይ ጊዜ የኮምፒውተር ኩባንያ ውስጥ የተቀጠረ ሰው፣ ያውም ከሦስት አገር ሰዎች ጋር ተደባልቆ፣ ዛሬ ሾላ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥን ሴት እንዴት ይወክላል? ብሬንዳን ማክስዊኒ የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2002 ይህንን ሥራ ብትንትኑን እንዳወጣውም ጠቀሰች፤ ለምሳሌ ፓኪስታን በመጀመሪያው ዙር የተወከለችው በ37 ሰው ነው። የጨረሰችው የሰው ወርቅ አያደምቅ በሚለው ተረት ነው፤ ቀጥሎም 3ኛው ሰው መጽሐፉን ገልጦ እንደማያውቅ የሚያሳማ ነገር ጨመረች። ያቺ የመጨረሻዋ ባትጨመር ጥሩ ነበር።

መልስ 5 እና 6

3ኛው ተመልሶ መጣ፤ ደሙ ፈልቷል። ተቺ መሆን ቀላል እንደሆነ፣ ቁጥሩ ጎደሎ ቢሆንም ከባዶ እንደሚሻል፣ ሴትዮዋም የተሻለ ካላት እንድታመጣ ጻፈ። 6ኛው ገላጋይ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው የሚል ዓይነት፣ ማንንም ያላረካ መልስ ሰጠ። እንዲህ ያለ ሰው ከየትኛውም ክር አይጠፋም።

መልስ 7

ለእኔ ክሩ የተከፈተው እዚህ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው፤ ከዚህ በኋላ ሁሉም ጋሼ እያለ ነው የጠራቸው። በ1967 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ዕለት ማታ አራት ኪሎ፣ ቴሌቪዥን ያለው የጎረቤት ቤት ውስጥ ነበሩ። ያኔ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ነው። ልጆቹ ወለሉ ላይ፣ ትልልቆቹ ወንበር ላይ፣ የቀሩት መስኮት ላይ ተደርድረዋል። የወሎ ረሃብ ታየ። ጆናታን ዲምብልቢ የሚባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያነሣው ፊልም ነው። የቤቱ አባወራ ብርጭቆ ይዘው እንደነበርና ፊልሙ እስኪያልቅ ወደ አፋቸውም ወደ ጠረጴዛውም እንዳልመለሱት ጋሼ ያስታውሳሉ። ማንም አላለቀሰም። በማግስቱ መስከረም 2 ንጉሡ ከቤተ መንግሥት ወጡ።

የጋሼ ነጥብ ግልጽ ነው። ያ ፊልም ከዓመት ገደማ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973፣ እንግሊዝ ውስጥ ሲታይ ሰዉ ገንዘብ አዋጣ። አዲስ አበባ ላይ ሲታይ መንግሥት ወደቀ። የእኔ አማካሪ እንደሚሉት ብንቆጥረው ግን ሁለቱም ቦታ አንድ ነው፤ ረሃብ፣ ክፉ ዜና፣ አንድ ነጥብ።

መልስ 8

ማረሚያ ነው፤ በጨዋ ደንብ የቀረበ። ጋሼን አክብሮ፣ ፊልሙ ግን አንድ እንዳልነበረ አስታወሰ። ደርግ ያሳየው ተቆራርጦ የተቀጣጠለውን ነው። በረሃብተኞቹ መሃል የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ ኬክና ሥጋ የሚጎርሱ ውሾች ገብተውበታል። ስለዚህ አንድ መልእክት ለሁለት ተመልካች የሚለው ምሳሌ አይሠራም፤ መልእክቱም ሁለት ነበር። ደርግ ተመልካቹን ስላወቀ ነው የቀጣጠለው።

መልስ 9

ጋሼ መልሰው ጻፉ። ማረሚያውን ተቀበሉ፤ አልተሸነፉም። ያለ ውሾቹም ቢሆን እዚያ ክፍል ውስጥ የነበረው ሰው ወሎ ዘመድ ነበረው፤ ሎንዶን ያለው ሰው አልነበረውም። ሌላ ነገር አልጨመሩም። በበኩሌ 8ኛውም ትክክል ነው፤ የጋሼ አባባል ግን ለጥናቴ የበለጠ ይጠቅመኛል። ተመልካቹ ምን ይዞ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣል የሚለውን ሠንጠረዥ አይነግረኝም።

መልስ 10

ለውጭ ጋዜጠኞች ሹፌርም፣ መንገድ መሪም፣ አስተርጓሚም ሆኖ ዓመታት የሠራ ሰው ነው። ረጅም ጻፈ፤ አንዱን ብቻ ላንሣ። አንድ ቡድን አራት ኪሎ አደባባይ አካባቢ ሊስትሮ ሊቀርጽ ፈለገ። ያኔ በየመንገዱ ጠርዝ ጋዜጣ የሚያከራዩ ልጆች ነበሩ፤ ሰዉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በሰዓት ሒሳብ ያነባል። የተገኘው ሊስትሮም ደንበኛ እስኪመጣ የተከራየውን ጋዜጣ እያነበበ ነበር። ካሜራ ያዡ ልጁን ወደደው፤ ጋዜጣውን ግን አልወደደውም። እጥፍ አድርጎ ከሳጥኑ ሥር እንዲያስገባው በአስተርጓሚው በኩል ተነገረው። ልጁ ለምን ብሎ ጠየቀ። አስተርጓሚው መልስ አልነበረውም፤ ፀሐዩ ያንጸባርቃል ብሎ ዋሸው። ልጁ ጋዜጣውን አጠፈ፤ የተከራየበት ሰዓት ግን እየቆጠረ ስለሆነ ሒሳቡን እንዲከፍሉለት ጠየቀ። ከፈሉት።

ይህን ሳነብ ቆም አልኩ። ጋዜጣ የሚያነብ ሊስትሮ ከውጭው ተመልካች ጭንቅላት ውስጥ ካለው ሥዕል ጋር አይገጥምም፤ ስለዚህ ጋዜጣው ይወጣል። ጋልቱንግና ሩገ ከ12ቱ አንዱ ያደረጉትም ይህንን ነው፤ አስቀድሞ ከተጠበቀው ጋር የሚገጥም ነገር ቶሎ ዜና ይሆናል።

መልስ 11 እና 12

11ኛው ሳይታሰብ ጥርሱን አወጣ። ጋዜጣውን እጠፍ ብሎ የነገረው ፈረንጁ ሳይሆን አስተርጓሚው ራሱ መሆኑን፣ በዶላር አበል ተቀብሎ የአገሩን ልጅ ምስል የሸጠ ሰው ዛሬ መጥቶ ሊያስተምረን እንደማይገባ ጻፈ። አስተርጓሚው በአጭሩ መለሰ። አበሉን ተቀብሏል፤ ልጆቹን አስተምሮበታል፤ እሱ እንቢ ቢል መኪናው ውስጥ የሚቀመጥ ሌላ ሰው አይጠፋም ነበር። ሁለቱም ከዚያ በላይ አልተነጋገሩም። ከሚዲያ ጥናት ጽሑፎች ውስጥ ግን እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ስሙ እንኳ አይነሣም። ከዘጋቢው ጀርባ ማን ቆሟል የሚለው ራሱን የቻለ ርዕስ ይወጣዋል።

መልስ 13

ወደ 77 ዓ.ም. ድርቅ ተሻገርን። ጸሐፊው ነገር አያለሳልስም። የውጭ ሚዲያ ስማችንን አጠፋ የሚለው እሮሮ የራሳችንን ጉድ መሸፈኛ ነው ባይ ነው። ማይክል በርክና ካሜራማኑ መሐመድ አሚን ከኮረም የላኩት ዘገባ ጥቅምት 13 ቀን 1977 በቢቢሲ ሲታይ፣ የእኛ ቴሌቪዥንና ራዲዮ ገና ከአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ድግስ አልተመለሱም ነበር። ያ ዘገባ ከ400 በላይ ጣቢያዎች ላይ ዞሯል። እነሱ ባያሳዩ ስንት ሰው ያልቅ ነበር? ገጽታችን ተበላሸ ከማለት በፊት ማን ዝም እንዳለ እንጠይቅ አለ።

መልስ 14

ግማሹን ተቀብላ ግማሹን አረመች። ዝም ያለ ሁሉ ዝም አላለም። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽኑ በ1976 ዓ.ም. ለለጋሾች የእህል ጥሪ አቅርቦ ነበር፤ ወረቀት ስለሆነ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሥዕል ሲመጣ ዓለም ተነሣ። ቀጥላ የሱዛን ፍራንክስን ሥራ አነሣች። ፍራንክስ ራሷ የቢቢሲ ጋዜጠኛ የነበረች ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው መጽሐፍ የጣቢያውን የቆዩ ሰነዶች አገላብጣ፣ ጦርነቱና የመንግሥት ፖሊሲ በረሃቡ ውስጥ የነበራቸው ድርሻ እንዴት ተቀንሶ ነገሩ የዝናብ ጉዳይ ብቻ እንደመሰለ ታሳያለች። ከዚያ በኋላ የመጣውንም ጨመረችልን። ቪኤስኦ የተባለ የእንግሊዝ የበጎ ፈቃድ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ባደረገው ጥናት ከእንግሊዞች 80 በመቶ ያህሉ ስለ ታዳጊው ዓለም ሲያስቡ የሚመጣባቸው ረሃብ፣ አደጋና የምዕራብ እርዳታ ነበር። ከ77 በኋላ የተወለደው ሁሉ ፓስፖርቱን ባሳየ ቁጥር ያንን ሥዕል አብሮ ያሳያል ማለት ነው።

ይህች ጸሐፊ 4ኛዋ መሆኗን ዘግይቼ ነው ያስተዋልኩት። ስትረጋጋ እንዴት ታስረዳለች!

መልስ 15

አፍሪካ አዳራሽ አካባቢ የሚሠራ ሰው ነው። አጭር ነገር ጣለ። የዜና ፍሰቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ማለትም ከሀብታም አገር ወደ ድሃ አገር፣ ብቻ ነው የሚለው ክርክር አዲስ አበባን በደንብ እንደሚያውቃት አስታወሰ፤ የፓን አፍሪካ ዜና አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተው እዚሁ ነው፣ ጽሕፈት ቤቱ ዳካር ቢሆንም። በማግስቱ ዓመት ይህንኑ ያጠናው የሾን ማክብራይድ ኮሚሽን ፍሰቱ እንዲመጣጠን የሚጠይቅ ሪፖርቱን ለዩኔስኮ አቀረበ። ነገሩ ያልጣማት አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ ከዩኔስኮ ወጣች፤ እንግሊዝ በዓመቱ ተከተለች። ልብ በሉ፤ የኮረም ሥዕል ዓለምን ባዳረሰበት ወቅት ነው ፍሰቱን ስለማመጣጠን የሚወራበት ጠረጴዛ የተገለበጠው።

መልስ 16 እስከ 19

ክሩ መንገድ ሳተ፤ ደስ በሚል መልኩ ሳተ። አንዷ አባቷ ማታ ማታ አጭር ሞገድ ራዲዮውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው የጀርመን ድምፅን ሲሰሙ፣ ለልጆቹ ደግሞ ጫወታችሁን ቀጥሉ እያሉ ጫጫታውን እንደ ሽፋን ሲጠቀሙበት እንደነበር ጻፈች። ሌላው የጀርመን ድምፅ አማርኛ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ በ1982 እንደጀመሩ አስገባ። ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ ድምፅ ሞገድ ሲታፈን የነበረውን የጩኸት ድምፅ በፊደል ሊጽፈው ሞከረ። አልተሳካለትም።

በዚህ መሃል አንዱ ለጥናቴ ፒያሳ ካሉት የቆዩ ቡና ቤቶች በአንዱ ቁጭ ብዬ ሽማግሌዎችን እንድጠይቅ መከረኝ። ሌላው የትኛው ፒያሳ ብሎ መለሰለት። ከዚያ ማን ወዴት ተነሣ፣ የትኛው ቡና ቤት የት ሄዶ ተከፈተ፣ ማኪያቶው እንደ ድሮው ነው ወይስ ውሃ ሆኗል፤ በቃ ስለ ሚዲያ የሚያወራ ጠፋ። ከሰፈር የተነሣ ሰው አብሮት ዜና የሚሰማውን ሰውም ያጣል፤ ያንን ማንም አላነሣውም፤ እኔ ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ።

መልስ 20 እና 21

20ኛው ማስታወቂያ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፍ በአጭር ጊዜ እንሠራለን፣ ከነሠንጠረዡ። ስድስት ኪሎ የመብራት ምሰሶ ላይ የሚለጠፈው ዓይነት ነው። 21ኛው የመድረኩ አስተዳዳሪ ነው፤ ማስታወቂያውን አነሣ፣ ብሔር ጠቅሰው የተሳደቡ ሁለት መልሶችንም ሰረዘ፤ ስለዚህ የቁጥር መዛነፍ ካያችሁ ምክንያቱ እሱ ነው።

መልስ 22 እስከ 24

አንዱ መጥቶ ኢትዮጵያውያን ነገርን በዙሪያ ጥምጥም እንደምንናገር፣ ስቱዋርት ሆልም ይህን በዐውድ የበለጸገ ግንኙነት እንዳለው ጻፈ። 23ኛው ወዲያው ሁለቱን ሆሎች ለየለት። መምህሩ ከላይ የጠቀሱት ስቱዋርት ጃማይካ የተወለደ፣ እንግሊዝ ያስተማረ ነው። የዐውዱን ነገር እ.ኤ.አ. በ1976 ያመጣው አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ኤድዋርድ ሆል ነው፤ ቀደም ሲል ለአሜሪካ ዲፕሎማቶች ሥልጠና ሲሰጥ የነበረ ሰው። ስለ እኛ ሰምና ወርቅ ከሆነ የተፈለገው ደግሞ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 እንደጻፈበት አስታወሰ።

24ኛው የሰምና ወርቅ ወሬ እንዳንገሸገሸው ሳይደብቅ ተናገረ። መርካቶ ዋጋ ሲጠየቅ ቅኔ የለም፤ ታክሲ ላይ መልስ የቀረበት ሰው በዙሪያ ጥምጥም አይናገርም። እኛ ቅኔያዊ ነን እያልን ራሳችንን ለፈረንጅ ቲዎሪ እናመቻቻለን ባይ ነው። ይሄ ሰው ሚዛን ነው፤ ወደድኩት።

መልስ 25

ልደታ ኮንዶሚኒየም የምትኖር ልጅ ናት። ከእናቷ ጋር ትኖራለች፤ ማታ ማታ ሁለት ጎረቤቶች ይመጣሉ። ቡናው ተፈልቶ ሁለተኛው ሲቀዳ ቃና ይከፈታል። በ2008 ዓ.ም. ጣቢያው ሲጀምር የፊልምና የቲያትር ሰዎች ባህላችንን ሊያጠፋ ነው ብለው ሲቃወሙ እናቷም ተስማምተው ነበር፤ ተስማምተውም ያዩ ነበር።

አንድ ማታ በድራማው ውስጥ ምራት ለአማቷ ማዕድ ላይ መልስ ትሰጣለች። አንደኛዋ ጎረቤት እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው፣ በእሳቸው ጊዜ ቢሆን ጥፊ እንደነበር ተናገሩ። ሌላዋ ግን ስለ ምራቷ አልደነቃቸውም። የደነቃቸው ልጁ ከውጭ ሲገባ ለማንም ሰላምታ አለመስጠቱ ነው። በሩን ከፍቶ ቀጥታ ወደ ጠቡ ገባ። ቱርኮች እንዲህ ናቸው እንዴ? እናቷ መለሱ፤ ቱርክም ሰላምታ ያውቃል፣ እስላም አይደለም እንዴ፣ ፊልም ስለሆነ ነው፤ ሰላምታውን ቢጨርሱ ማስታወቂያው ይገባባቸዋል። ክርክሩ ቡናው እስኪቀዘቅዝ ቀጠለ። ልጅቷ ስልኳ ላይ ሆና እንደሰማችና ያኔ ምንም እንዳልመሰላት፣ የእኔን ጽሑፍ ስታነብ ትዝ እንዳላት ጻፈች።

መልስ 26

መምህሩ ተመለሱ፤ በዚህ ጊዜ ደስታቸው ይታያል። ታማር ሊበስና ኤሊሁ ካትዝ ይህንኑ ነው የሠሩት። ዳላስ የሚባለውን የአሜሪካ ድራማ ይዘው፣ እስራኤል ውስጥ አረቦችን፣ ከሞሮኮ የመጡ አይሁዶችን፣ አዲስ የገቡ ሩሲያውያንንና ኪቡጽ የሚባሉት የጋራ እርሻ መንደሮች ነዋሪዎችን፣ ሎስ አንጀለስ ደግሞ አሜሪካውያንን በየቤቱ ሰብስበው አሳዩ፤ ሲያልቅ አወያዩ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1990 በመጽሐፍ ወጣ። አረቦቹና ሞሮኮዎቹ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ ቤተሰብ ወሬ ተረኩት፤ ሩሲያውያኑ ከጀርባው ያለውን ፖለቲካዊ መልእክት ፈለጉ፤ አሜሪካውያኑና ኪቡጾቹ የሰዎቹን ሥነ ልቦና አወሩ።

ተመራማሪዎቹ ደግሞ ሁለት ዓይነት አነጋገር ለዩ። አንዱ ድራማውን እንደ እውነተኛ ሕይወት ያወራል፤ ሌላው ሰው የሠራው ነገር መሆኑን አይቶ ስለ አሠራሩ ያወራል። መምህሩ ጣታቸውን ልደታ ላይ ቀሰሩ። ቱርኮች እንዲህ ናቸው እንዴ ያሉት ጎረቤት የመጀመሪያው ናቸው። ማስታወቂያው ይገባባቸዋል ያሉት እናት ሁለተኛዋ። ያለ መጠይቅ፣ ያለ አይቢኤም።

መልስ 27 እና 28

27ኛው አልተዋጠለትም። ቃና በአማርኛ የሚናገር የአገር ውስጥ ጣቢያ ስለሆነ ዓለም አቀፍ ሚዲያ ሊባል አይችልም፤ ለምን የውጭ ዜና አታሳያቸውም ባይ ነው። መልሱን የሰጠው ያ ለውጭ ጋዜጠኞች የሠራው ሰው ነው። በዚህ ዘመን ጎረቤት ሰብስበህ ስለ ጦርነቱ የውጭ ዜና ብታሳይ፣ ሰዉ መጀመሪያ አጠገቡ ማን እንደተቀመጠ ያያል፤ ከዚያ ዝም ይላል ወይም የሚጠበቅበትን ይናገራል። ስለ ቱርክ አማት ግን ማንም አይፈራም። ዜናውን ለብቻ ለብቻ ጠይቅ፤ ድራማውን በቡድን። ይህ ምክር ከብዙ የሥነ ዘዴ መጽሐፍ ይበልጥብኛል።

መልስ 29 እስከ 32

4ኛዋ መጥታ ለልደታዋ ልጅ ጥያቄ አቀረበች፦ ወንድ ተመራማሪ መቅረጫ ይዞ ቢገባ እናቶቹ እንደዚያው ያወራሉ? ልጅቷ በፍጹም እንደማያወሩ መለሰች። ጭራሽ ምግብ ሊያቀርቡለት ይነሣሉ፤ ቴሌቪዥኑም ይረሳል። ስለዚህ እሷ ትጠይቅ፣ እኔ ቅጂውን ልውሰድ የሚል ሐሳብ መጣ። መምህሩ ፈቃዳቸው አስቀድሞ እንዲጠየቅ፣ መቅረጫውም ተደብቆ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ታይቶ እንዲቀመጥ አሳሰቡ። ሌላ ሁለት ቤት መጨመር እንዳለበት ሁሉም ተስማማ። ጋሼ የእሳቸውን የአራት ኪሎ ጡረተኞች ሰጡኝ፤ የእነሱ ግን ድራማ ሳይሆን የማታ ዜና ነው፤ ለየብቻቸው አነጋግራቸዋለሁ። ሦስተኛው ቤት ገና አልተገኘም። ወጣቶች ብቻ የሚኖሩበት፣ ዲሽ ያለው፣ መሃል ከተማ የሆነ ቤት የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

አማካሪዬን ትናንት አነጋገርኳቸው። ሐሳቡን ወደውታል፤ አንድ ሠንጠረዥ ግን አይቅር ብለዋል። 3ኛው ሰው ይህን ሰምቶ የሆፍስቴድን ቁጥሮች እንደገና ላከልኝ። 4ኛዋ እስካሁን አላየችውም።